ከገደል ማዶ የሚመጣ ድምፅ

ጥር 12

ለማከብርዎት አጎቴ፣

በዚያ በሩቁ አገር ጤናዎ እንዴት ከረመ? ባለቤትዎስ እንደምን አሉ? እኛ ተመስገን ነው፤ ከጉንፋንና ከወንድሜ ቁጣ በስተቀር የሚያስጨንቀን የለም። ስልክ ብደውል ብደውል አላነሳ አሉኝ። በባለቤትዎ በኩል «በስልክ ወሬ ይበላሻል፣ ትጻፍልኝ» ማለትዎን ሰማሁ። ዕድሜውን ሙሉ ስልክ ቤት የሠራ ቴክኒሻን ስልክ ሲጠላ፣ ዳቦ ጋጋሪ ዳቦ ተጸየፈ እንደማለት ነው። ትእዛዝ ነውና ይኸው ብዕር አነሣሁ።

የምጽፍልዎት በአባዬ ጉዳይ ነው። እንደሚያውቁት ከግድቡ ጥበቃ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከገደሉ ማዶ ባለችው ቤት ከንብ ቀፎዎቹ ጋር ብቻውን ነው የሚኖረው። እዚያ የእጅ ስልክ አይሠራም። ያለው አንድ የእጅ ሬዲዮ ነው፤ እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ እኔ ነኝ አስፈትኜ ፈቃድ ያስወጣሁለት። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ከቀፎዎቹ አጠገብ አንሸራትቶት ወደቀ። ወድቆም በሬዲዮ ተጣራ። እኛ ከተማ ውስጥ የሰማነው «...ግሬ... ድኑ...» ብቻ ነበር፤ ለካ «እግሬን፣ አድኑኝ» ማለቱ ኖሯል። አብሮኝ ያዳምጥ የነበረው አናጢ «አባትሽ ደግሞ ዛሬም ከንቦቹ ጋር ተጣላ» ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በማግስቱ አንድ ማር ነጋዴ በዚያ በኩል ባያልፍ ኖሮ ዛሬ ምን እንደምጽፍልዎት አላውቅም።

እግሩ ድኗል። ታላቅ ወንድሜ ግን አልዳነም። «ክረምት ገብቶ መሻገሪያው ሳይዘጋ የአባዬ ድምፅ ጥርት ብሎ የማይሰማ ከሆነ የጭነት መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ ቤቱን ዘግቼ እኔ ዘንድ አስቀምጠዋለሁ» ብሏል። እውነቱን ነው፤ ምን ብዬ ልከራከረው? አባዬ በበኩሉ «ከቀፎዎቼ የሚለየኝ ቃሬዛ ብቻ ነው» ይላል። በወንድሜ ሳሎን ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሲያዛጋ በዓይነ ሕሊናዬ ይታየኛል።

የአማተር ሬዲዮ ክበባችን ትንሽ ናት፤ ከማተሚያ ቤት እኔ፣ አናጢው፣ ፋርማሲስቷና ሌሎች ጥቂት ሰዎች ነን። ሦስት ተቀባዮች አሉን። አንዱ ከተማው መሐል የውሃ ማማ ላይ፣ አንዱ ድንጋይ ካባው ላይ፣ አንዱ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ምሥራቁ ኮረብታ ላይ። ሰው በእጅ ሬዲዮ ሲናገር ሦስቱም የሰሙትን ወደ አናጢው ሱቅ ይልካሉ። እዚያ «መራጩ» የምንለው ሳጥን አለ፤ ከሦስቱ የጠራውን መርጦ ለትልቁ ማስተላለፊያ ይሰጠዋል፣ ከተማው ሁሉ የሚሰማውም ያንን ነው። የተመረጠው ተቀባይ መብራቱ ይበራል። ሁልጊዜ የምትበራው የካባው መብራት ናት። ስለዚህ ጎበዙ እሱ ነው ማለት ነው። የእሱን ዓይነት ሁለት ተቀባይ ቢልኩልንና የሌሎቹን ብንቀይር ብሎ ክበቡ ለመነዎት። እኔም ለመንሁዎት።

አክባሪዎት፣ የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 9

ለእሜቴ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ምላስሽን ግን ትንሽ ያሳጥረው። ዳቦ ጋጋሪ አልሽኝ? ይሁን፣ ከአባትሽ የወረስሽው ነው። ወንድም ጋሼ ወድቆ ማደሩን አሁን ገና መስማቴ አንጀቴን ቆርጦኛል። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ደብቀሽ ብታስቀምጪ እንጣላለን።

ለእግሩ ማሳከሚያ ጥቂት ልኬያለሁ። ተቀባይ ግን አልልክም። ሕመሙን ሳያውቅ መድኃኒት የሚገዛ ሰው ፋርማሲስቷን ያበለጽጋል እንጂ አይድንም፤ እሷንም ብትጠይቂያት የምትነግርሽ ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ለኪ።

ሬዲዮ ማንም ሳይናገርበት የሚያሰማውን ያን ሽውታ ታውቂዋለሽ። ሰው ሲናገር ሽውታው ይሸሻል፤ የሰውየው ሲግናል በበረታ ቁጥር ይበልጥ ይሸሻል። መራጭሽ ንግግር አይሰማም፣ አማርኛም አያውቅም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ከሰው ንግግር ይበልጥ የሚቀጥነውን ሽውታ ይለካና ሽውታው ላነሰለት ይፈርዳል። ትክክለኛ ፍርድ ነው፣ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ በእሱ ኖሬበታለሁ።

እንግዲህ አንድ ወጥ ፉጨት ከአባትሽ ሬዲዮ ይላክ። በሦስቱም መስመር ላይ ፉጨቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ጫጫታው ምን ያህል እንደሆነ ለክተሽ ፉጨቱን ለጫጫታው አካፍይው። የሲግናልና የጫጫታ ምጣኔ የሚባለው ይኸው ነው፤ ምጣኔው የበለጠው የተሻለ ሰምቷል። በጆሮሽ አትፍረጂ፤ ጆሮ ይወዳል፣ ይጠላል። ቁጥሩን ብቻ ጻፊልኝ።

ባለቤቴ በጣም ሰላም ብላሻለች። ከተማው እንዴት ነው? የስልክ ቤቱ ግቢ ውስጥ ያለው ትልቁ ዛፍ አለ?

አጎትሽ


የካቲት 30

ለማከብርዎት አጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ዛፉ አለ፤ ወፎቹ ከርስዎ ዘመን ይልቅ ይንጫጫሉ ይላሉ የሚያውቁ። ገንዘቡ ደርሷል፤ አባዬ «እግሬን ታናሼ ገዛው እንዴ?» ብሎ ከተቆጣ በኋላ የንብ ማጨሻ ገዛበት።

እንዳዘዙኝ ለካሁ። መለኪያውን ከቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ተዋስን። ለአባዬ ፉጨት የምታሰማ ትንሽ ሳጥን ሰጥቼው፣ ሬዲዮው ፊት አስቀምጦ ቁልፉን እንዲጫን ነገርኩት። «ንቦቼ ፉጨቱን ጠልተውታል፣ አንቺም ብትመጪ ይነድፉሻል» አለኝ። እኔ አናጢው ሱቅ ውስጥ፣ ሦስቱ መስመሮች ወደ መራጩ ከሚገቡበት ላይ ለካሁ። ውጤቱ ይኸውልዎ፤ የካባው ተቀባይ ሌሎቹን በሰፊው በልጦ አንደኛ ወጣ፤ ጫጫታ የሚባል የለውም ለማለት ይቻላል። ምሥራቁ ኮረብታ ሁለተኛ፣ ማማው የመጨረሻ። ይህ የምሥራቁ ኮረብታ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብናል። ተሸክመን አወጣነው፤ መብራቱ ግን በርታ አታውቅም።

ነገር ግን አጎቴ፣ አልገባኝም። በጆሮሽ አትፍረጂ ብለውኛል፤ ቢሆንም የሦስቱን መስመር ለየብቻ ሳዳምጥ ለኔ ጆሮ ከሁሉ የባሰው የካባው ነው! ቁጥሩ አንደኛ ይለዋል፣ ጆሮዬ ውራ ይለዋል። ማንን ልመን? አባዬ ሲናገር ከሦስቱም መስመር ቀድቼ በፍላሽ ልኬልዎታለሁ። በሽቦ ላይ ካለ ሽውታ ብቻ የትኛው ምሰሶ ጋ ብልሽት እንዳለ ያውቁ ነበር እያለ አባዬ ዛሬም ይመካብዎታል። ያንን ጆሮዎን ለጥቂት ደቂቃ ያውሱን። ከእንግዲህ ዕቃም ገንዘብም አልጠይቅዎትም።

አክባሪዎት


ሚያዝያ 5

አጎቴ፣

ደህና ነዎት? በየቀኑ ፖስታ ቤት እየሄድኩ የሣጥኑን ቁልፍ አላላሁት። ፍላሹ አልደረሰ ይሆን ብዬ ባለቤትዎን ብጠይቅ ደርሷል አሉኝ። ታዲያ ምነው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ? ጥያቄዬ የሕፃን ጥያቄ ከሆነ ሕፃን ነሽ ይበሉኝና ይለይልኝ።

ወንድሜ መኪናውን ተነጋግሯል። ከግንቦት እንደማያልፍ ነግሮኛል። አባዬ ባለፈው ሳምንት ለገበያ ወርዶ ሳለ እንደለመደው ደወለልዎት፤ አላነሡም። «ታናሼ ከጥንትም እንዲሁ ነው» አለኝ። «ወንዝ ማዶ ሆኖ ሲጫወት ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እጠራዋለሁ፤ አንድ ቀን አቤት ብሎኝ አያውቅም።» እየሳቀ ነው ያለው፤ ስልኩን ሲዘጋው ግን አልሳቀም።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 24

ለእሜቴ፣

ፈጣሪ ትዕግሥትሽን ይባርክ፣ አብዝቼ ተፈታትኜዋለሁና። ዛሬ ሰላምታ አላስረዝምም። የምለው ነገር አለኝ፤ ሳልፈራ ልበለው።

ጆሮዬ ደክሟል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ስለ ሐሜት ይመስለኝ ነበር፤ የኔ ግን እውነትም ባዳ ሆነብኝ። ወፍራሙን ድምፅ እሰማለሁ፣ ቀጭኑ ነው የጠፋው። የወፍ ጫጫታ፣ የበር ደወል፣ የውሃ መፍላት፣ ይህ ሁሉ ለኔ የለም። ሰው ሲያወራ ቃሉ ዳር ዳሩ ተበልቶ ይደርሰኛል፤ በስልክማ ጭራሹን አይገባኝም። ስልክ የጠላሁት ለዚህ ነው እንጂ ወሬ ተበላሽቶ አይደለም። ባለቤቴና ልጄ «ተለካ፣ መስሚያ መሣሪያ አድርግ» ቢሉኝ አሻፈረኝ ብያለሁ። እዚህ ተቀምጬ ሰውን ለኪ የምል ሰውዬ!

ፍላሹ የደረሰኝ ዕለት ነው የሰማሁት። ሦስቱም ለኔ አንድ ናቸው። አንዳቸውም ሽውታ የላቸውም። ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ያ ምሰሶ የሚያውቀው ጆሮ የለም ልበል? ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ አስገብቼ ዝም አልኩ። የኋለኛው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ፣ ወንድም ጋሼ አቤት አላለኝም ማለቱን ሳነብ፣ አፈርኩ።

ባለቤቴን ጠርቼ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። እሷ ስለ ሬዲዮ ምንም አታውቅም። «ሁለቱ ሽው ይላሉ፣ ቃሉ ግን ይገባኛል» አለችኝ። «ሦስተኛው ሽውታ የለውም። ንግግሩ ግን ይንኮሻኮሻል፤ ሰውየው አፉ ውስጥ ጥጥ የጎረሰ ይመስላል።» ቀጥላ አየችኝና «አንተ ሰው ሲያወራ እንዲህ ሆኖ ነው የሚሰማኝ የምትለው ይህንን አይደለም?» አለችኝ።

ሦስተኛው የካባው ነው። እሜቴ፣ ከወንበሬ ብድግ አልኩ! የካባው ተቀባይ ሽውታ የለውም ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ቀጭኑ ድምፅ መንገድ ላይ ቀርቶበታል እንጂ። መራጭሽ የሚለካው ደግሞ ቀጭኑን ብቻ ነው። ሽውታ ሲያጣበት «ይህስ ጨዋ ነው» እያለ ይሾመዋል። አንቺም የለካሽው እዚያው መራጩ በር ላይ ስለሆነ እሱ የተሳሳተውን ስሕተት ደገምሽው። በካባውና በሳጥኑ መካከል ቀጭን ድምፅ የሚውጥ ነገር አለ። ፈልጊው። ከዚያ ነገር ወዲህ ሳይሆን ወዲያ ሆነሽ፣ ተቀባዩ ራሱ ጋ እንደገና ለኪ። አሁኑኑ!

አጎትሽ


ግንቦት 28

ለምወድዎት አጎቴ፣

እልል ብዬ ልጀምር ወይስ ተንበርክኬ? ሁለቱንም አድርጌያለሁ፤ አናጢው ምስክሬ ነው። ስለ ጆሮዎ ያሉኝን አንብቤ አለቀስኩ፣ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ድሉን ልንገርዎ፣ አላስችል ብሎኛል።

ቀጭን ድምፅ የሚውጠውን ነገር ፍለጋ የትም አልሄድኩም። ደብዳቤዎን ሳነብ እዚያው ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። የኔው ሥራ ነው! ካባው አጠገብ የድንጋይ መፍጫ ሞተር ስላለ የዚያ ተቀባይ ጫጫታ ከሌሎቹ ሁሉ የከፋ ነበር። አባላቱ ጆሯችን ታመመ ብለው ቢያማርሩ ማጣሪያ ሠራሁ፤ ሽውታውን የሚያስቀር፣ ለካባው ብቻ። ሲያልቅ በጣም ስለኮራሁበት ክዳኑ ላይ አበባ ሣልኩበት። እንግዲህ ከሦስቱ መጥፎውን አጣጥቤ፣ አበባ አድርጌለት ዳኛው ፊት ያቀረብኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ከአናጢው ጋር ካባው ላይ ወጥተን ከማጣሪያው በፊት ለካን። አንደኛው ተማሪ ውራ ሆኖ ቁጭ አለ! ቀጥለን ምሥራቁ ኮረብታ ላይ ወጣን፤ እሱ ደግሞ ማንም ሳይጠራው ለብቻው አባዬን ጥርት አድርጎ ሲሰማ ኖሯል። አናጢው መለኪያውን አየና ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረው። «ታዲያ እስከ ዛሬ ስንሰማ የኖርነው ከሁሉ የባሰውን ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «የአባትሽም ጩኸት?» አለኝ። «የአባዬም ጩኸት» አልኩት። ባርኔጣውን አንሥቼ ሰጠሁት።

ማጣሪያውን ከነአበባው ነቅዬ ከመራጩ ኋላ አስገባሁት። አሁን ሦስቱም ሳይታጠቡ ዳኛው ፊት ይቀርባሉ፤ ያሸነፈው ብቻ ታጥቦ ወደ ሕዝብ ይወጣል። ብየዳው ሻይ ቀርቦ እስኪበርድ ድረስ እንኳ አልፈጀብኝም።

ወንድሜ ባለፈው ቅዳሜ መጣ። የጭነት መኪናው ሱቁ በር ላይ፣ ሞተሩ እንኳ አልጠፋም። «እሺ፣ አሰሚኝ» አለ፣ እጁን አጣምሮ። ለአባዬ አስቀድሜ በማር ነጋዴው በኩል ልኬበታለሁ፤ ፈተናው ከባድ እንዲሆን የሬዲዮውን ኃይል ዝቅ አድርጎ፣ ያኔ የወደቀበት ቦታ ላይ ተኝቶ እንዲናገር። ክበቡ ሁሉ ተሰብስቧል፣ ፋርማሲስቷ ሱቋን ዘግታ መጥታለች። እኔ ማይኩን ይዣለሁ።

መጀመሪያ የምሥራቁ ኮረብታ መብራት በራች። አጎቴ፣ ከተተከለች በርታ የማታውቅ መብራት! አቧራ ስላለበሳት አናጢው በእጅጌው ጠረጋት። ከዚያ የአባዬ ድምፅ መጣ፤ ያ ነጎድጓድ ድምፁ፣ ሙሉ ሆኖ፣ ንቦቹ ከኋላው እያዜሙ።

«እህ፣ ማን አለ እዚያ? ጉንዳን እየበላኝ ነው፣ ቶሎ በሉ!»

ወንድሜ ማይኩን ከእጄ ነጠቀኝ። «አባዬ፣ የት ነህ?»

«የወደቅሁበት ነኛ። እህትህ ተኛ ብላኝ ተኝቻለሁ።»

«መኪና ይዤ መጥቻለሁ፣ አባዬ።»

«ሰምቻለሁ። ባዶውን እንዳይመጣ። የቀፎ ጣውላ ጫንበት፤ ከአናጢው ነው የምትገዛው፣ በርካሽ ያድርግልህ።»

 ወንድሜ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋና «ምን አልክ?» አለ። ጠፍቶት አይደለም፣ ቃል በቃል ሰምቷል፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

«ጣውላ! ጣ-ው-ላ! ሬዲዮው ሲድን አንተ ታመምህ እንዴ?»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሜ ራሱ እየሳቀ ወጥቶ የመኪናውን ሞተር አጠፋ፣ ኮቱን አውልቆም ጣውላ መጫን ጀመረ። መኪናው ሞልቶ ተሻገረ፣ ባዶውን ተመለሰ። አባዬ ከቤቱ አይነሣም። ማታ ማታ ራት ከበላ በኋላ በሬዲዮ እንዲጠራን ተስማምተናል፤ ወንድሜ ለራሱም የእጅ ሬዲዮ ይፈልጋል፣ ለፈቃድ ፈተናው እያጠና ነው።

ይህን ሁሉ ያገኘነው በዚያ ደከመ ባሉት ጆሮ ነው። ጤነኛ ጆሮ የነበረን ሁሉ አላገኘነውም። ግን አጎቴ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ካባው ላይ አይተነዋል። መጀመሪያ ተቀባይ ለመንሁዎት፣ ቀጥዬ ጆሮዎን ለመንሁዎት። አሁን አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ይለኩ። በሌላ ፍላሽ የቅዳሜውን ቀድቼ ልኬያለሁ። መጨረሻው ላይ አባዬ እርስዎን ይጠራል። የሚመልሱለትን ይላኩልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ሐምሌ 16

ለእሜቴ፣ የክበቡ ኩራት፣

ምስጋና ላንቺ፣ ምርቃት ለአናጢው፣ ጣውላውን በርካሽ ከሸጠ ማለቴ ነው። ደብዳቤሽን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ሳነብላት «ጣ-ው-ላ» ላይ ስደርስ ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ ሳቅን።

ተለካሁ። ባለቤቴ ሐሳቤን እንዳልቀይር ብላ ቀጠሮውን የያዘችው ደብዳቤሽን አንብቤ ሳልጨርስ ነው። አንዲት ወጣት ባለሙያ ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገባችኝ። ማዳመጫ አድርጋልኝ ቃል ታሰማኛለች፤ ከኋላው ጫጫታ እየጨመረች የሰማሁትን ድገም ትለኛለች። «ይህማ የሲግናልና የጫጫታ ምጣኔ ነው!» ብዬ ከወንበሩ ተነሣሁ። «አባባ፣ ሥራዬን ያውቁታል እንዴ?» አለችኝ። «የወንድሜ ልጅ ናት የምታውቀው» አልኳት። ውጤቴ የካባውን ያህል ነው፣ አትጠይቂኝ።

መሣሪያው ከሳምንት በኋላ ደረሰ። ትንሽ ናት፣ ከጆሮዬ ኋላ ትቀመጣለች። ከክሊኒኩ ስወጣ ኪሴ ውስጥ ቁልፍ ሲንቃጨል ሰምቼ ማን ነው ብዬ ዞርኩ። መንገድ ላይ አንዲት ወፍ ጮኸች፤ ቆሜ ሰዎች እስኪገፉኝ ድረስ አዳመጥኳት። ከእንግዲህ ስልክ ደውዪ፤ አነሣለሁ። ወንድም ጋሼንም ለገበያ ሲወርድ ደውል በዪው።

ቤት እንደገባሁ ፍላሹን ከፈትኩ። አባትሽ ከመናገሩ በፊት መጀመሪያ የሰማሁት ሽውታውን ነው። ማጣሪያሽ ጥቂት ትቶልኝ ኖሯል፣ ለዚህ አመሰግንሻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ላጠፋው የታገልኩት ጫጫታ እንዲህ ናፍቆኝ እንደነበር አላውቅም። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ከደስታ ነው፣ ደስታ ነው ብለሽ አንብቢው። ከዚያ ንቦቹ መጡ። ከዚያ ወንድም ጋሼ መጣ፣ ጉንዳኑ፣ ጣውላው፣ ቃሉ ሁሉ ዳርና ዳሩ ሳይበላ።

መጨረሻ ላይ እንዳልሽው ጠራኝ። ያንኑ የወንዝ ማዶ አጠራሩን፦ «አንተ ታናሼ! አንተ ታናሼ ሆይ!»

ብድግ ብዬ ቆሜ፣ ባለ በሌለ ድምፄ «አቤት!» አልኩ።

ባለቤቴ ከጓዳ ሮጣ መጣች። «ምን ሆንክ? ማን ጠርቶህ ነው?» አለችኝ።

«ወንድም ጋሼ» አልኳት።

አጎትሽ